እስከ ዘፈኑ ድረስ

ሬዲዮኑን ያስረከብኩት በአንድ ገጽ ወረቀት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ወጣት ጸሐፊ እያንዳንዱን ዕቃ ይጠራል፣ እኔ «አለ» እላለሁ፣ እሱ ምልክት ያደርጋል። ሬዲዮ ከነሣጥኑ፣ አንድ። የመዳብ ሽቦ፣ አንድ ጥቅል። ሽቦው የሚወጠርበት የባሕር ዛፍ አጣና፣ ሁለት። አንዱን አጣና ምስጥ ግማሹን በልቶታል፤ ቢሆንም «አለ» አልኩ። መጨረሻ ላይ «የሥራ መደብ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሰሚ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እትዬ የሺ፣ መዝገቡ ላይ እኮ ጽዳት ነው የሚለው።»

«ጽዳቱን ጠዋት እጨርሰዋለሁ። የቀረውን ቀን እሰማለሁ።»

«ሰሚ የሚባል መደብ የለንም።»

«ለዚህ ነዋ ደመወዝ ያልነበረው» ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀና «ጽዳት» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ።

አሁን ቀበሌው እንጨት ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ አለው። ነጋዴው ሁሉ ትንሽ ሬዲዮ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ከመስኮት ብቅ ብሎ የሰማውን የሚናገር ሰው ከእንግዲህ አያስፈልግም። ልጄ በላይነሽ ግን «እማ፣ ጻፊው እንጂ፣ ፊደሉን ምን ልታደርጊበት ነው የተማርሽው?» ትለኛለች። ፊደል የተማርኩት ዲያቆኑ ወንዶቹን ሲያስቆጥር ከአጥር ውጭ ቆሜ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ እንደ አነጋገሬ ነውና አትታዘቡኝ።

ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ይህንንም አስቀድሜ ልናገር። መብረቅ እፈራለሁ። ወታደር እፈራለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት እፈራለሁ። ባሌ ሞቶ በላይነሽን ብቻዬን ማሳደግ ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ በር ሲንኳኳ ልቤ ቀድሞኝ ይወጣል። በሬዲዮ ሥራ ላይ የቆየሁት ሳልፈራ አይደለም፤ እየፈራሁ ነው።

መካነ ሰላም ወረዳ ጽሕፈት ቤት ለጽዳት ስቀጠር ሬዲዮኑ ሕዝብ ይስማበት ተብሎ ከላይ መጥቶ ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የሚነካው ሃምሳ አለቃ ይመር ብቻ ናቸው። ሃምሳ አለቃ በወታደርነታቸው ዘመን የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። እግራቸው ሲጎዳ ተሰናብተው መጡና የመሥሪያ ቤታችን ዕቃ ጠባቂ ሆኑ። ከመጋዘኑ ዕቃ ይልቅ የሬዲዮው ሆድ ዕቃ ነበር የሚያሳስባቸው።

አንድ ጠዋት ሣጥኑን ስወለውል ጨርቄ ማዞሪያውን ነካውና ሬዲዮኑ ጮኸ። መጥረጊያዬን ጥዬ ወደ ደጅ ስሮጥ ሃምሳ አለቃ በሩ ላይ ቆመው ይስቃሉ።

«ወዴት ነው?»

«ሰበርኩት!»

«አልሰበርሽውም፣ ቀሰቀስሽው። በይ ነይና አስተኚው።»

ትምህርቴ በዚያ ተጀመረ። የፈረንጅ ቁጥር ስለማላውቅ፣ ቁጥሩ ያለበት መስታወት ላይ የክር ቁራጭ በሰም አጣበቁልኝ። ቀዩ ክር አዲስ አበባ ነው። አረንጓዴው ከባሕር ማዶ በአማርኛ የሚናገረው ጣቢያ ነው። ነጩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሰብክ ነው። «ክሩ መንደሩን ነው የሚያሳይሽ፤ ቤቱን በጆሮሽ ፈልጊ» ይሉኛል። ማዞሪያውን በሁለት ጣት ይዤ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያልፍ ሰው ቀስ እላለሁ። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ፉጨቱ እየወፈረ፣ እየወፈረ ይወርድና ጥፍት ሲል፣ እዚያ ላይ ሰው አለ።

አጭር ሞገድ የፀሐይን ነገር ያውቃል። እኩለ ቀን ላይ ይከሳል። ፀሐይ ወደ ዓባይ በኩል ስታዘቀዝቅ ቀን ተኝተው የዋሉት ጣቢያዎች አንድ በአንድ ይነሣሉ። ሃምሳ አለቃ ሁሉንም ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የድምፁን ጥራት። እኔ ለጥራቱ የራሴ መለኪያ ነበረኝ፤ «እንደ ጎረቤት»፣ «እንደ ገደል ማዶ»፣ «እንደ ሕልም»። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ደብተሩን ገልጬ ባይ እሳቸውም «እንደ ሕልም» ብለው ጽፈዋል።

ትልቁ ጣጣ የባትሪ ድንጋይ ነው። ሬዲዮናችን ስድስት ድንጋይ ይበላል። አንድ የደከመ ካለ አምስቱን ይዞ ይወድቃል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ እያንዳንዱን በእጅ ባትሪ አምፖል እንፈትናለን፣ የደከመውን በከሰል ምልክት እናደርግበታለን። የደከሙትን ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታቸዋለሁ። የሞቀ ድንጋይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ለአንድ ዜና የሚሆን።

ሃምሳ አለቃ ሬዲዮ ከመክፈታቸው በፊት ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። የማይታይ ሰው ቤት እንደሚገቡ ያህል። ዜና ሲጀምር የታመመ እግራቸውን ዘርግተው፣ ደህናውን ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጣሉ፤ አንዱን ጆሯቸውን መድፍ ደፍኖባቸዋል። ዜናው አልቆ ዘፈን እስኪለቀቅ ድረስ ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። ሰው በመስኮት ተንጠራርቶ «ምን አለ? ምን አለ?» ቢል እጃቸውን ያነሣሉ።

«ወሬ ጅራት አለው፣ የሺ» ይሉኝ ነበር። «ጆሮውን ብቻ አይተሽ አትናገሪ። አህያም ጅብም ከሩቅ ጆሮ አላቸው።»

ይህን አባባል ገበያተኛው ሁሉ ያውቀው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አውጥተን የሰማነውን ስንናገር፣ ሁልጊዜ ፊት የሚቆሙት አያ ሙሄ ናቸው። አያ ሙሄ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ መንደር የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። እንደ ሰላምታ «የሽዬ፣ የዛሬው ወሬ ጅራት አለው?» ይሉኛል። «አለው አያ ሙሄ» ስላቸው «እንግዲያ ይነገራ!» ይላሉ።

ከአያ ሙሄ ጋር የወዳጅነታችን መነሻ በቅሏቸው ናት። ሃምሳ አለቃ ከሁለት የሞቱ ሬዲዮኖች ሆድ ዕቃ እያወጡ አንዲት ትንሽ ማሰራጫ ሠርተው ነበር። ድምጿ ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ገበያው ጫፍ ቢደርስ ነው። ለጨዋታ ያህል ነው የሠሯት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዜና በኋላ በዚያች የጠፋ ዕቃና የጠፋ ከብት እንናገር ጀመር። እኔ «ፈቃድ አለን ወይ?» እያልኩ እንቀጠቀጣለሁ።

«ለበቅሎ ፈቃድ አያስፈልግም» ይላሉ ሃምሳ አለቃ። «የሺ፣ ይህን ፍርሃትሽን ሽቦ አድርጌ ብወጥረው ዓለምን በሙሉ በሰማሁ ነበር!»

አንድ ቅዳሜ የአያ ሙሄ በቅሎ ከገበያ ጠፋች። ሃምሳ አለቃ መናገሪያውን አፌ ላይ ደቀኑብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ «የአያ ሙሄ በቅሎ ጠፍታለች፣ ግራጫ ናት፣ ቀኝ ጆሮዋ የተተለተለ ነው፣ ያያችሁ በእግዚአብሔር» አልኩ። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ኖሮ፣ ሰካራሞቹ በዘፈኑ መሐል ስለ በቅሎ ሲነገር ቢሰሙ ጸጥ አሉ። አንዱ «ይቺ በራችን ላይ የታሰረችው አይደለችም እንዴ?» ብሎ ወጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አያ ሙሄ በቅሏቸውን እየሳቡ መስኮታችን ሥር መጡ።

«ወላሂ በቅሎዬን በሬዲዮ ጠሯት! እንግዲህ ስሟ ባሕር ማዶ ደርሷል!»

«ኧረ ገበያውንም አላለፈም አያ ሙሄ» ብላቸው፣

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ድምፅ በር የለው፣ አጥር የለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በቅሎዋን ማንም እንዲጭናት አይፈቅዱም ነበር። «ይቺ በሬዲዮ የምትታወቅ ናት!»

ሃምሳ አለቃ ለባሕር ማዶ ጣቢያዎች «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ሰማናችሁ» እያሉ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ጣቢያዎቹም ሥዕል ያለበት ካርድ ይልካሉ። ግድግዳቸው በተራራና በድልድይ ሥዕል ተሞልቶ ነበር። አንድ ቀን እኔንም «ለአረንጓዴው ክር አንቺ ጻፊ» አሉኝ። ምን ልጻፍ? «ድምፃችሁ ማታ ማታ እንደ ገደል ማዶ ነው። ጮክ ብትሉ ጥሩ ነው። በእኛ አገር የአያ ሙሄ በቅሎ ጠፍታ ተገኝታለች» ብዬ ጻፍኩ። ፖስታ ቤት ከሰጠሁ በኋላ ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ፤ መንግሥት የሰውዬውን በቅሎ ለምን ለውጭ አገር ነገርሽ ቢለኝስ?

ለሁለት ሳምንት እዚያው ወሎ ውስጥ ማሻ ወደሚባል ደጋ ተልኬም ነበር፤ እዚያ ላለው መሥሪያ ቤት አዲስ ሬዲዮ መጥቶ የሚከፍተው ስለታጣ። ማሻ ላይ ድምፁ ሁሉ እንደ ጎረቤት ነው፤ ግን ነፋሱ ሽቦውን በየቀኑ ያወርደዋል። እኔ አጣና ላይ ተንጠልጥዬ ሳስር የመሥሪያ ቤቱ ሹም ከታች ሆኖ «እትዬ፣ እንደ ዝንጀሮ ወጣሽ እኮ!» ይለኛል። «አንተ አትወጣምና!» ብዬ መለስኩለት። ወረድኩና ደግሞ ስለመለስኩለት ፈራሁ።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። ስለ ረሃቡ ብዙ አልጽፍም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ላላየ በእኔ ፊደል አይነገርም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በእኛ መንገድ የሚያልፈውን ሰው እያየን ቀዩ ክር ላይ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ይነገር ነበር። አንድ ማታ አረንጓዴው ክር ላይ «ወሎ» የሚል ቃል ሰማን። የገዛ አገራችን ረሃብ ባሕር ዞሮ መጣልን። ሃምሳ አለቃ ዘፈኑ ከተለቀቀ በኋላም ኮፍያቸውን መልሰው ሳያደርጉ ብዙ ቆዩ። ያን ዓመት ጠጅ ቤቱ ሬዲዮኑን ሸጠ፤ አያ ሙሄም በሬዲዮ የምትታወቀውን በቅሏቸውን በጥቂት ቁና ማሽላ ለወጧት። ቅዳሜ በእግራቸው መጥተው «ሬዲዮ አይበላም መቼስ» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ሃምሳ አለቃ ትንሿን ማሰራጫ ማንም ሳያዝዛቸው በገዛ እጃቸው ፈቷት። ሽቦውን ጠቀለሉት፣ የቀረውን ለልጆች መጫወቻ ሰጡት። አዲሱ አለቃችን ካኪ ለብሶ መጣ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ካርዶች አየ።

«ከማን ጋር ነው የምትጻጻፉት?»

ሃምሳ አለቃ «ከጣቢያዎች ጋር» አሉ።

«ምን እያላችሁ?»

«‹ሰማናችሁ› እንላለን። እነሱም ‹ስለሰማችሁን እናመሰግናለን› ይላሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

ሰውዬው አንድ ጊዜ ካርዶቹን፣ አንድ ጊዜ እኛን ያያል። ሰው ለዚህ ብቻ ቴምብር ይገዛል ብሎ ማመን አቃተው። ካርዶቹን ሰብስቦ ወሰዳቸው። እንዳለመታደል ሆኖ መንገድ ላይ የከረመችው የእኔ ካርድ ከባሕር ማዶ የደረሰችው ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የመርከብ ሥዕል አለባት፣ ከጀርባዋ በአማርኛ በእጅ የተጻፈ አለባት። አንድ ጊዜ አነበብኳት፣ ሮጬ ቤቴ ገባሁ፣ በበርበሬ ማሰሮ ውስጥ ቀበርኳት። ለሃምሳ አለቃም አልነገርኩ፣ ለአያ ሙሄም አላሳየሁ።

በዚያው ዓመት ተማሪዎች ሁሉ ገጠር ወርደው ገበሬውን ሊያስተምሩ ለዘመቻ ታዘዙ። በላይነሽ ደሴ ከተማ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማር ነበር። ጋሞ ጎፋ ተመደበች። ጋሞ ጎፋ የት እንደሆነ ለማወቅ ሃምሳ አለቃን ብጠይቃቸው በእግራቸው መሬት ላይ አገሩን ሥለው፣ መካነ ሰላምን እዚህ፣ ጋሞ ጎፋን ከጠረጴዛው ሥር አደረጓት። አንድ ደብዳቤ መጣልኝ። ከዚያ ሦስት ወር ሙሉ ምንም የለም። ዘማቾች በወባ ሞቱ ይባላል፣ ባለርስት ገደላቸው ይባላል። እኔ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ቀዩ ክር ላይ የዘማቾች ሰላምታ ይተላለፋል። የአንዳንዱ ስም ይነበባል፣ አንዳንዱም በገዛ ድምፁ ይናገራል። እኔ በየቅዳሜው እጄን ሣጥኑ ላይ አድርጌ የልጄን ስም እጠብቃለሁ። የሌላ ሰው ልጅ ሁሉ ያልፋል። «አብሽሪ» ይሉኛል አያ ሙሄ፣ «ሳምንት ትጠራለች።»

አሁን ያጠፋሁትን ልጻፍ።

ቅዳሜ ነው፣ ሃምሳ አለቃ ለቅሶ ሄደዋል፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። ስድስቱ ድንጋዮች ደክመዋል። ከሰባት ሰዓቱ ዜና በኋላ ለአሥራ አንድ ሰዓቱ ሰላምታ እንዲተርፉኝ እየጸለይኩ ከፈትኩ። ዜና አንባቢው «የእርዳታ እህል የጫኑ መኪናዎች ወደ ከላላ» ሲል ሰማሁ። ወደ ከላላ! በቃ። ዋናውን ሰማሁ ብዬ ማዞሪያውን ዘጋሁት። ድንጋዩ ለልጄ ይቆይ።

በመስኮት ብቅ ብዬ «እህል ከላላ ይመጣል!» አልኩ። ገበያው እንደ ንብ ተነሣ። አያ ሙሄ ከፊት ቆመዋል፤ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ልጃቸው ሰይድ ከጎናቸው።

«የሽዬ፣ ወሬው ጅራት አለው?»

ዘፈኑን አልሰማሁም። መዝጋቴንም አውቃለሁ።

«አለው» አልኳቸው።

«እንግዲያ እንሂዳ!» አሉ።

ከላላ ለጤነኛ ሰው የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። ብዙ ሰው ሄደ። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮኑን ከፍቼ ሰላምታውን በሙሉ ሰማሁ። የበላይነሽ ስም አልተጠራም።

ሰኞ ረፋድ ላይ የእህል መኪናዎቹ መጥተው መካነ ሰላም፣ ጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ቆሙ። ሾፌሩን «ከላላ አልነበረም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የከላላን መንገድ ጎርፍ ቆረጠው። እህሉ እዚህ እንደሚራገፍ ቅዳሜ በሬዲዮ ተነግሯል እኮ። አልሰማችሁም?»

ከላላ የሄደው ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። አያ ሙሄ አልተመለሱም። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብለው ተቀመጡ፣ ከዚያ አልተነሡም። ሰይድ አባቱን ተሸክሞ ነው የገባው።

ሃምሳ አለቃ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «ተነሺ፣ ለቅሶ እንሂድ። አንቺው በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ» አሉ። እሳቸው በታመመው እግራቸው እየጎተቱኝ ሄድን። ለቅሶው ቤት ሰዉ ሁሉ ባለበት «ጅራቱን አልሰማሁም። ድንጋዩ ለልጄ ሰላምታ እንዲተርፈኝ ብዬ ዘጋሁት። አያ ሙሄን ዋሸኋቸው» አልኩ። ሰይድ ቀና ብሎ «ለልጅሽ» አለ። ይህን ብቻ ነው ያለው። ከአርባው በኋላ ከላላ ወርዶ ከአንድ ባለሱቅ ጋር ሥራ ያዘ ሲባል ሰማሁ።

ሬዲዮኑን ከእንግዲህ አልነካም አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃምሳ አለቃ ሣጥኑን ፊቴ አስቀመጡት።

«እርስዎ ይስሙ» አልኳቸው።

«እኔ ባለ አንድ ጆሮ ነኝ።»

«እንግዲያ ሌላ ሰው።»

«ዘፈኑን መጠበቅ ምን እንደሆነ ከአንቺ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አሁን አለ?» አሉኝ። ከፈትኩ።

እንዲህ ሆነን ሰኔ ገባ። ለገበሬው ዘር ይታደላል፣ የየመንደሩ ተራ በሬዲዮ ይነገራል ተባለ። ተራው ያለፈበት ዘር አያገኝም። በዚያ ላይ የባትሪ ድንጋይ ከገበያ ጠፋ። ያሉንን ስድስቱን ጣሪያ ላይ ሳገላብጥ ሰነበትኩ፤ በአምፖል ብንፈትናቸው ብርሃኑ እንደ ሞት አልጋ ጧፍ ነው። ሃምሳ አለቃ «ለአንድ ሩብ ሰዓት ቢበቁ ነው» አሉ።

ቅዳሜ ነው። ሰላምታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የዘሩ ነገር የሚነገረው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ በዜና ነው። ሁለቱን አይችልም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እጄ ማዞሪያው ላይ ነበር። ከበላይነሽ ወሬ ከሰማሁ ስድስት ወር ሆኖኛል። ሃምሳ አለቃ ወደ ውጭ እያዩ «ክፈቺው የሺ። እናት ነሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም» አሉኝ።

«ዘሩንስ ማን ይሰማል?»

ደብተራቸውን ገልጠው ቀኑን ጻፉ።

እጄን አነሣሁና ቀሚሴ ላይ አደረግሁት። ከጣቴ ሥር፣ በዚያ ዝም ባለ ሣጥን ውስጥ፣ ምናልባት ልጄ እየተናገረች ነው። ያን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ አሳለፍኩት። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ረጅሙ ግማሽ ሰዓት እሱ ነው።

አንድ ሰዓት ላይ ሃምሳ አለቃ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እኔ ከፈትኩ። ድምፁ እንደ ሕልም ነበር። ሁለታችንም ራሳችንን ሣጥኑ ላይ ደፍተን የየመንደሩን ተራ አንድ በአንድ ያዝን፤ እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ። ዜናው አለቀ፣ ዘፈኑ ተለቀቀ። ዘፋኙ አንድ ስንኝ እንኳ ሳይጨርስ ሬዲዮኑ ጥፍት አለ።

ሃምሳ አለቃ «እስከ ዘፈኑ» አሉ።

«እስከ ዘፈኑ» አልኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሰዉ ሁሉ ተራውን ነገርን። በእኛ በኩል ዘር ያመለጠው መንደር አልነበረም።

ሰኞ ወደ ምሽት ላይ ቤቴ ነኝ። የምስር ወጥ አውጥቼ ፊቴ አቅርቤ፣ እንደ ልማዴ ሳልነካው ተቀምጫለሁ። በር ተንኳኳ። ልቤ ቀድሞኝ ወጣ። ከፈትኩ፤ ሰይድ ነው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ግባ ልጄ።»

«አልገባም። መልእክት ነው ያመጣሁት።» መሬት መሬት እያየ ይናገራል። «ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ኸባለሱቁ ሬዲዮ የሰማሁት ነው። በገዛ ድምጿ ነው የተናገረችው። ‹መካነ ሰላም ለምትገኘው ለእናቴ ለወይዘሮ የሺ› አለች። ‹ወባ ይዞኝ ስለነበር አልጻፍኩም፣ አሁን ድኛለሁ› አለች። ኸዚያ ሳቀችና ‹እማ፣ በይ አሁን ሬዲዮኑን ዝጊና እራትሽን ብዪ› አለች።»

የበሩን መቃን ያዝኩ። «ከዚያስ?»

«ኸዚያማ ሌላ ዘማች ቀጠለ። ባለሱቁ ‹የምታውቃት ተናግራ ጨርሳለች፣ ተነሥና ሥራህን ሥራ› አለኝ። ቆይ፣ ጅራቱን ልየው አልኩት። ምናልባት መልሰው ይጠሯት እንደሁ ብዬ እስከ ዘፈኑ ጠበቅሁ። ሌላ አላለችም። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ።»

አንድ ቀን ተኩል። አባቱ በእኔ ቃል የሄዱበትን መንገድ፣ ያንኑ ዳገት፣ የእኔን ልጅ ቃል ይዞ ወጣው። እሱ ወደ ውስጥ አሻግሮ ገበታውን አየ።

«እራት በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ልጅሽ ያለችሽን አልሰማሽም?» አለና ጫማውን አወለቀ።

እጁን አስታጠብኩት። ምስር ነውና ለእስላምም ለክርስቲያንም ይሆናል። እሱ «ቢስሚላህ» አለ፣ እኔ «በስመ አብ» አልኩ፣ በላን። ስድስት ወር ያልወረደልኝ እህል ወረደልኝ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ሰይድ እጁን ከገበታው አነሣና ብቻውን ሳቅ አለ።

«አባቴ እኮ እስኪሞት ድረስ፣ የበቅሎዬ ስም ባሕር ማዶ ደርሷል ይል ነበር።»

ተነሣሁና የበርበሬውን ማሰሮ አወረድኩ። እጄን እስከ ክንዴ ከትቼ ካርዷን አወጣሁ። መርከቧ እንደ በርበሬ ቀልታለች። ሰይድ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ። እሱ ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ወደ እሳቱ አስጠግቼ ጀርባዋ ላይ በእጅ የተጻፈውን እኔ አነበብኩለት።

«ስለ ሰማችሁን እናመሰግናለን። ጮክ እንላለን። የአቶ ሙሄ በቅሎ በመገኘቷ እዚህ ያለን ሁሉ ደስ ብሎናል።»

«ውሸትሽን ነው» አለ ሰይድ።

«በዚህ አልዋሽም» አልኩት። «ደርሳለች።»

ካርዷን ተቀብሎ ገለባበጣት፣ በእጁ ጠረጋት። እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ከታች ያለውን የጣቢያውን ማኅተም ጭምር፣ እንደገና እንዳነብለት አደረገኝ።